ለቄሳችን ሞተር እንግዛላቸው?

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ያዙና በእርጋታ አንብቡት።

ሰሞኑን የመንደራችን ተወላጆች በምንገናኝበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ክርክር ተነሥቶ ነበር። መንደራችን በላስታ ተራሮች ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ናት። ግሩፑ ውስጥ ከአዲስ አበባ፣ ከዋሽንግተን፣ ከዱባይና ከቤሩት የምንገባ፣ መቶ የማንሞላ ሰዎች አለን። አብዛኛውን ጊዜ የምንለዋወጠው የእንኳን አደረሳችሁና የለቅሶ መልእክት ነው። ባለፈው ሳምንት ግን አንዱ ወንድማችን «ቄሳችን ሦስት አጥቢያ በእግራቸው እያዳረሱ አለቁ። እናዋጣና ሞተር ሳይክል እንግዛላቸው» ብሎ ጻፈ።

በአንድ ሌሊት ከሰማንያ በላይ መልስ መጣ። አንዱ «ቄስ በሞተር ሲሄድ አያምርም» አለ። ሌላው «በአባቶቻችን ወግ በቅሎ ነው የሚገዛላቸው» ሲል ሦስተኛው «በዚህ ዘመን በቅሎ? ቢያንስ ያገለገለ መኪና» ብሎ ሳቀበት። «መጀመሪያ መንገዱ ይሠራ» ያለም ነበር። በዚህ መሐል አንዲት እኅታችን ከቤሩት እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «እናቴ ስትሞት ቄሱ ማዶ ነበሩ፤ ወንዙ ሞልቶ መሻገር አልቻሉም። አስከሬኗ ያለ ፍትሐት ነው ያደረው። በምንም ይምጡ፣ ብቻ ይድረሱ።»

ከዚያ በኋላ ለረጅም ሰዓት ማንም አልጻፈም።

እኔም ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ግን ሌላ ጥያቄ ስለመጣብኝ ነው። በአያቶቻችን ዘመን እኮ መንገድ አልነበረም፤ ሞተር አልነበረም፤ ድልድይም አልነበረም። ሆኖም ቄሱ ሩቅ ነው የሚል ቅሬታ ከአያቴ ሰምቼ አላውቅም። ታዲያ ቄሱን ማን አራቀው? ለዚህ መልስ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

፩. ቄሱ ጎረቤት በነበረበት ጊዜ

የድሮው ሥርዓት ለቄስ መጓጓዣ አይሰጥም ነበር። የሚሰጠው መሬት ነው። የገጠር ቄስ በሬ ጠምዶ የሚያርስ፣ አረም የሚያርም፣ እንደ ማንኛውም ገበሬ ዝናብ የሚጠብቅ ሰው ነበር። ከሌላው ገበሬ የሚለየው መሬቱን የያዘበት ምክንያት ነው፤ የቅስናው መሬት የሚያዘው ቤተ ክርስቲያኑን በማገልገል ነበር። «ሰሞን» ማለት ሳምንት ነው። በተራው ሳምንት የሚቀድሰው ካህን ሰሞነኛ ይባላል፤ በዚህ አገልግሎት የሚያዘውም መሬት የሰሞን መሬት ይባል ነበር። ያገለገለ ያርሳል፤ አገልግሎቱን የተወ መሬቱን ለሚያገለግል ይለቃል፣ ወይም በቦታው ሰው ይተካል።

«ሲሶው የቤተ ክህነት ነው» የሚለውን አባባል ሁላችንም ሰምተናል። በመስፈሪያ የተለካ ቁጥር አድርገን መውሰድ የለብንም፤ ይዞታው ከአገር አገር ይለያይ ነበርና። የሥርዓቱ ውጤት ግን ግልጽ ነው፦ መሬቱ የትም አይሄድም፤ መሬቱን የያዘው ካህንም የትም አይሄድም። ልጅ ሲወለድ፣ ወንዱን በአርባ ሴቷን በሰማንያ ቀን ክርስትና የሚያነሣው ቄስ ቤቱ ከማሳው ባሻገር ነው። የነፍስ አባቱ በር አንኳክቶ ጸበል የሚረጨው ከእርሻ ሲመለስ ነው። ፍትሐትም ቢሆን ከመቃብሩ ቦታ እስከ ቄሱ ቤት ልጅ ሮጦ የሚጠራው ርቀት ነበር።

ይህን ስል ያንን ዘመን ላሞግስ አይደለም። ብዙ ቦታ የቤተ ክህነት መሬት ሲባል በላዩ ላይ የሚያርሰው ጭሰኛና ገባር ነበር፤ ጫናውም የሚወድቀው በእሱ ትከሻ ላይ ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ሲወጡ ያለ ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን ሥርዓቱ ምን ይሠራ እንደነበር ሳናውቅ፣ ሲፈርስ ምን አብሮ እንደፈረሰ ማወቅ አንችልም።

፪. በቅሎ የማን ነበረች?

ታዲያ ያ ሁሉ የምንሰማው የካህንና የበቅሎ ታሪክ ከየት መጣ? በቅሎ የመንደር ቄስ ሀብት አልነበረችም። የጳጳሱ፣ የእጨጌው፣ የትልልቅ አድባራት አለቆች ነበረች። ነገሥታቱ ሊያከብሩት የፈለጉትን ሰው በቅሎ ከነኮርቻዋ፣ ከነግላሷና ከነመርገፏ ይሸልሙ ነበር። ሰጋር በቅሎ ላይ ተቀምጦ፣ ጥላ ተይዞለት፣ ጭራውን እያወዛወዘ የሚመጣ ካህን ሹመቱ ከሩቅ ይታወቃል። የመንደሩ ቄስ ደግሞ በትሩንና መስቀሉን ይዞ በእግሩ ይሄዳል።

ምክንያቱ ዋጋዋ ነው። በቅሎ የወንድ አህያና የባዝራ ልጅ ናት፤ እሷ ራሷ ግን አትወልድም። በሬ ያለው ገበሬ ጥጃ ሊያገኝ ይችላል፤ በቅሎ ያለው ግን የሞተችበት ቀን እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። በዚያ ላይ በገደል መንገድ ላይ እግሯን የምታስቀምጥበትን የምታውቅ፣ ከፈረስ ይልቅ ችግርን የምትችል እንስሳ በመሆኗ ከጥሩ ፈረስ በላይ ትወደድ ነበር። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል። አባቷን አህያን ብትደብቅም፣ የደጋው ሰው እሷን የሚወዳት ግማሹን በአህያነቷ ነው።

ከቦታ ቦታ የመሄድ ችግር በዋናነት የሚከሰተው ከላይ፣ በጵጵስናው ዘንድ ነበር። ለብዙ መቶ ዓመታት ለዚህ ሰፊ አገር የሚላከው ጳጳስ ከግብፅ የሚመጣ፣ አብዛኛውን ጊዜም አንድ ብቻ ነበር። ቅስናና ዲቁና የሚፈልግ ሁሉ እሱ ወዳለበት መሄድ አለበት። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአንድ ጊዜ ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎች ሲቀሰሱ ማየቱን ጽፏል። ምን ያህል ቀን ተጉዘው፣ ስንቃቸውን ምን ያህል ቦታ አልቆባቸው እዚያ እንደደረሱ መገመት ለእኛ ይቀራል።

ስለ ከፋ የሚነገር አንድ ታሪክም አለ። ጳጳሱ እስከዚያ ድረስ መሄድ ስላልቻሉ፣ የሹመቱን እስትንፋስ በስልቻ ውስጥ እፍ ብለው፣ አፉን አሳስረው ላኩት፤ እዚያም በእጩዎቹ ላይ ተከፈተ ይባላል። እውነት ይሁን ተረት አልከራከርም። ታሪኩን የፈጠረው ሰው ግን ችግሩን አሳምሮ ያውቀዋል፦ ጳጳሱ የማይደርስበት ተራራ ላይ በረከቱን ማን ተሸክሞ ያድርስ?

ችግሩ የተቃለለው ቀስ በቀስ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1874 ዓ.ም. ገደማ በአንድ ጊዜ አራት ጳጳሳትን ከግብፅ አስመጡ። በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በካይሮ ጳጳሳት ሆነው ተሾሙ። በ1951 ዓ.ም. ደግሞ አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆኑ። የላይኛው ርቀት እያጠረ ሄደ ማለት ነው። የታችኛው፣ የመንደሩ ርቀት የተወለደው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

፫. ቁጥሩ አምስት ነው

ወደ ታችኛው ርቀት ከመሄዴ በፊት በግሩፓችን ክርክር ውስጥ ማንም ያላነሣውን ቁጥር ላንሣ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት አንድ ቄስ ብቻውን አይቀድስም። ቢያንስ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን፣ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ። መገበሪያ ስንዴ፣ ዘቢብ፣ ዕጣንና ጧፍም ይፈለጋል። ገብስ እንጂ ስንዴ በደንብ በማይሆንበት ደጋ ላይ እነዚህ ሁሉ ከታች የሚመጡ ናቸው። ዕጣኑማ ከነመተማና ከነቋራ ቆላ ተለቅሞ ነው ተራራ የሚወጣው።

በዚያ ላይ ቀዳሹ ውኃ እንኳን ሳይቀምስ ነው የሚያድረው። በጾም ቀን ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው። ስለዚህ ከአንዱ አጥቢያ ወደ ሌላው የሚሻገር ቄስ 3 ሺህ ሜትር ላይ ዳገት የሚወጣው ከሌሊት ጀምሮ በደረቀ ጉሮሮ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው «ትንሽ ቢሄዱ ምን አለበት» ሊል ይችላል።

አምስት የሚለው ቁጥር አንድ ጊዜ አገር አናውጧል። ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡ በዓመቱ ገደማ ካህናቱን ሰብስበው አንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃዋል፣ ለእነሱ የሚበቃ መሬት ይቅርና የተረፈው ግብር ለሚከፍል ገበሬ ይሰጥ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ለሠራዊታቸው ቀለብ ይፈልጉ ነበር። ካህናቱ እንቢ አሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1852 ዓ.ም. ንጉሡ ሐሳባቸውን በኃይል ወደ ሥራ አወረዱት። ከዚያ በኋላ ቤተ ክህነቱ ፊቱን አዞረባቸው። አቡነ ሰላማ በመቅደላ ታስረው እዚያው ሞቱ፤ ንጉሡም በዚያው በ1860 ዓ.ም.፣ ጳጳሱ በሞቱ ጥቂት ወራት ውስጥ፣ በዚያው አምባ ላይ ሕይወታቸውን አጠፉ።

የቴዎድሮስን ስሌት ብዙ ሰው በወታደር ቀለብ በኩል ብቻ ያየዋል። እኔ በተራራው በኩል ሳየው አንድ ነገር ይታየኛል። አምስት ሰው ለቅዳሴው ይበቃል፤ ግን አንዱ ቢታመምስ? አንዱ ለቅሶ ቢሄድስ? አንዱ ዲያቆን ጎልምሶ ቢያገባስ? ለዳገት አገር አምስት ማለት ልክ አምስት ከሆነ፣ አንድ ሰው ሲጎድል ቤተ ክርስቲያኑ ይዘጋል። ትርፍ የሚባሉት ካህናት፣ የንጉሡን ጎተራ ቢያጎድሉም፣ የዛሬውን ዓይነት መዘጋት የሚከላከሉ መጠባበቂያዎችም ነበሩ።

ስለ መቅደላ ካነሣን አይቀር፣ በቅሎ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ እጅግ መራራ ሥራ የሠራችው እዚያ ነው። የጄኔራል ናፒየር ጦር ከሕንድ 44 ዝሆኖችን፣ ከልዩ ልዩ አገርም በሺዎች የሚቆጠሩ በቅሎዎችን አስመጥቶ ነበር። ከድሉ በኋላ ከመቅደላ የተዘረፉት የብራና መጻሕፍት፣ ታቦታት፣ መስቀሎችና አክሊሎች ወደ ደላንታ ሜዳ ወርደው በጨረታ የተሸጡት በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭነው ነው። መንገድና መጓጓዣ በራሱ ጥሩም መጥፎም አይደለም። ምን ጭኖ፣ ወዴት እንደሚሄድ ነው የሚያስጠይቀው።

፬. የካቲት 25፣ 1967

አሁን ቄሱን ማን አራቀው ወደሚለው ጥያቄዬ ልመለስ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ አደረገ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች ተወረሱ። ቤተ ክርስቲያን የእርሻ መሬቷንም የኪራይ ቤቶቿንም በአንድ ዓመት ውስጥ አጣች። ለጭሰኛው ይህ ነፃነት ነበር፤ ይህንን መካድ አይቻልም። ለመንደሩ ቄስ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። እንደ ገበሬ ድርሻውን ያገኘ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ድርሻው ከአገልግሎቱ ጋር አልተያያዘም። ቢቀድስም ባይቀድስም ያው መሬት ነው። ዲያቆን የሆነ ልጁ ደግሞ መሬት የለውም። መሬቱና መቅደሱ ተፋቱ።

ቤተ ክርስቲያን ይህ ቀን ሊመጣ እንደሚችል ጨርሶ አልገመተችም ማለት አይቻልም። በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ ምእመኑና ካህኑ በሰበካ ጉባኤ ተደራጅተው አጥቢያቸውን በአስተዋጽኦ እንዲያስተዳድሩ የሚያደርግ ሕግ ነበር። ሐሳቡ ትልቅ ነው፤ ከመሬት ወደ ምእመን መዋጮ መሸጋገር። ግን ለመጠንከር የተሰጠው ጊዜ ሁለት ዓመት ብቻ ሆነ። አቡነ ቴዎፍሎስም በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ።

ሰበካ ጉባኤው ከተማ ላይ ሠራ። ከተማ ውስጥ ብዙ ምእመን አለ፤ ደመወዝተኛ አለ፤ ነጋዴ አለ፤ ሙዳየ ምጽዋቱ ይሞላል። ተራራው ላይ ግን ምእመኑ ራሱ ከእጅ ወደ አፍ ነው። ሃምሳ አባወራ አምስት አገልጋይ በደመወዝ ሊያኖር አይችልም። ስለዚህ የከተማ አድባራት ካህናት በዝተውባቸው የገጠሮቹ በአገልጋይ እጦት መዘጋት ጀመሩ። በአንድ ቄስ ሦስት አጥቢያ የሚለው ነገር የተወለደው እዚህ ላይ ነው። ቄሱ የራቀው ተራራው ስለጨመረ አይደለም፤ ቀደም ሲል በየመንደሩ የነበሩት ባልደረቦቹ ስለሌሉ ነው።

፭. መንገዱ ሲመጣ

ብዙዎቻችን «መንገድ ቢገባ ሁሉም ይፈታል» እንላለን። የመንገድ ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ሲቋቋም ጀምሮ፣ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህም እያንዳንዱን ቀበሌ ከመንገድ ጋር ለማገናኘት በተያዘው ፕሮግራም፣ ብዙ ተራራ ተቆርጧል። እናት ሐኪም ቤት ደርሳለች፤ ማዳበሪያ ገብቷል፤ መንገድን የሚነቅፍ ሰው የመንደር ኑሮን የማያውቅ ነው።

መንገድ ግን ሁለት አቅጣጫ አለው። በእኛ አካባቢ ጥርጊያው እስከ ሸንተረሩ የገባ ዓመት፣ ቄሱ ወደ እኛ ይመጣሉ ብለን ስንጠብቅ ሁለቱ ዲያቆናት በአይሱዙ ላይ ተሳፍረው ወረዱ። አልፈርድባቸውም። አንዱ አሁን በከተማ ዘበኛ ነው፤ ሌላው ትምህርቱን ቀጥሏል። የቆሎ ተማሪ ሆኖ ለዓመታት ዜማና ቅዳሴ የተማረ ልጅ በመጨረሻ የሚበላው ከሌለ ምን ይሁን?

ታላላቆቹን ቅዱሳት መካናት አስቡ። ደብረ ዳሞ የሚወጣው በገመድ ነው፤ 15 ሜትር ያህል ቀጥ ያለ ገደል። አቡነ አረጋዊን ዘንዶ ተሸክሞ አወጣቸው ይላል ትውፊቱ። በገርዓልታ ያለውን የአቡነ ይምዓታን ጉሕ የሚያገለግሉ ካህናት በቅሎም ሞተርም በማይረግጠው ቋጥኝ ላይ በባዶ እግራቸው ይወጣሉ። እነዚህ ቦታዎች ለዘመናት ያልተዘጉት መንገድ ስላላቸው አይደለም። አጠገባቸው የሚኖር፣ የሚበላና ተተኪ የሚያሳድግ ሰው ስለነበራቸው ነው።

፮. ሞተሩና በቅሎዋ

ይሁን፤ ቄሱ ዛሬ ብቻቸውን ናቸው፤ ዛሬ መጓጓዣ ያስፈልጋቸዋል። እንግዲህ እንደ ባለሙያ እንነጋገር።

ሞተር ሳይክል ፈጣን ነው። ጥርጊያ ባለበት የግማሽ ቀን መንገድ ወደ ሰዓት ይወርዳል። ግን ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ በየሺህ ሜትሩ የሞተር ጉልበት አሥር በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ በእኛ ከፍታ ሲሶው ጠፋ ማለት ነው። ቤንዚን ማደያ የለም፤ በሃይላንድ ጠርሙስ እየተቀዳ፣ ከዋጋው በላይ እየተሸጠ ነው የሚመጣው። ጎማ ሲፈነዳ፣ ካንዴላ ሲበላሽ ከተማ ድረስ ሰው ይላካል። ክረምት ላይ ጭቃው ጎማ ይይዛል። መንጃ ፈቃድና ሰሌዳ ያስፈልገዋል። የጸጥታ ችግር በተነሣ ቁጥር ደግሞ መጀመሪያ «ቁም» የሚባለው ሞተር ነው።

በቅሎ ዝግ ትላለች። ነገር ግን ነዳጇ ድርቆሽና ገብስ ነው፤ እዚያው ይበቅላል። ጎማ ማለፍ በማይችልበት ቀጭን መንገድ ታልፋለች፤ በአግባቡ ከተያዘች ሃያ ዓመት ታገለግላለች። ወንዝ ሲሞላ ግን እሷም ትቆማለች። እና ማንም የማያስበው አንድ ችግር አለ፦ በቅሎ እንድትኖር አህያና ባዝራ መኖር አለባቸው። አገራችን በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ናት ትባላለች፤ ሆኖም የአህያ ቆዳ ንግድ ዓለምን ሲያተራምስ እኛም ጋ ደርሶ ነበር። የቢሾፍቱው የአህያ ቄራ በሕዝብ ቁጣ የተዘጋው በ2009 ዓ.ም. ነው፤ የአፍሪካ ኅብረትም በ2016 ዓ.ም. አህያን ለቆዳው ማረድን አግዷል። ያ ውሳኔ ለተራራ ቄስም የሚነካው ነገር አለ ብል ትስቁ ይሆናል፤ ግን እውነት ነው።

፯. ከሌላ አገር አንድ ምሳሌ

ለካህን መጓጓዣ መግዛት እኛ የጀመርነው ነገር አይደለም። ፓውል ሹልተ የሚባል ጀርመናዊ የካቶሊክ ቄስ ነበር፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት አብራሪ የነበረ። የቅርብ ወዳጁ በዛሬዋ ናሚቢያ ሚሲዮናዊ ሆኖ ሲያገለግል ታሞ፣ በጊዜ ሐኪም ዘንድ የሚያደርሰው መጓጓዣ ባለመኖሩ እ.ኤ.አ. በ1925 ሞተ። ሹልተ በ1927 «ሚቫ» የሚባል ማኅበር አቋቋመ፤ ሥራው ሩቅ ቦታ ላሉ ሚሲዮናውያን መኪና፣ ጀልባና አውሮፕላን ማቅረብ ነበር። «በራሪው ቄስ» ይሉት ነበር።

እኔን የሚማርከኝ ግን የኦስትሪያው ሚቫ ገንዘብ የሚሰበስብበት መንገድ ነው። ሾፌሮችን ያለ አደጋ ለነዳችሁት ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የሳንቲም አንድ አሥረኛ ስጡ ይላቸዋል። የሰጪው ጉዞና የተቀባዩ ጉዞ ይያያዛል። ትንሽ ነው፤ ግን በየዓመቱ ይመጣል። የእኛ መዋጮ ብዙ ጊዜ እንደ ክረምት ጎርፍ ነው፤ አንድ ቀን ይሞላል፣ በማግስቱ ድንጋዩ ብቻ ይቀራል። ዕቃ እንገዛለን፤ ፎቶ እንነሣለን፤ ለጎማውና ለገብሱ የሚሆን ብር የለም።

፰. ቄሱ ምን አሉ?

ይህን ሁሉ ስንከራከር ቄሱን ራሳቸውን የጠየቀ አልነበረም። ኔትወርክ የሚገኘው ሸንተረሩ ላይ ስለሆነ አንድ ልጅ ልከን፣ በቀጠሮ ደወልንላቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ እሳቸውም አይወዱትም። ሐሳቡን ነገርናቸው። ብዙ መረቁን። ከዚያ እንዲህ አሉን፦

«ልጆቼ፣ መንገዱን ለምጄዋለሁ። እኔን የሚጎዳኝ ደርሼ ቅዳሴ አለመኖሩ ነው። አንድ ቄስ ከማዶ ቢመጣ እንኳ ዲያቆን የለም። ጸሎት አድርሼ፣ አሳርጌ እመለሳለሁ። ሁለት ልጆች አሉ፤ ድምፃቸው ያማረ፣ ትምህርታቸውን የጨረሱ። ክረምቱን የሚበሉት ቢያገኙ አይወርዱም ነበር።»

«በቅሎስ?» አልናቸው።

ሳቁ። «በቅሎ ከሆነች ለእኔ አትግዙልኝ። ለቤተ ክርስቲያኑ ግዙ። እኔ ለፍትሐት እሄድባታለሁ፤ ምጥ የያዛት ሴትም ትሄድባታለች። አሁን እኮ በቃሬዛ ነው የምናወርዳቸው፤ ስምንት ጎልማሳ ይፈልጋል፤ ጎልማሳው ደግሞ የለም።»

ግሩፑ ውስጥ ሁሉም አልተስማማም። ሞተር ያለው ወንድማችን አሁንም ሞተር ነው የሚለው፤ ጥርጊያው ቢጠገን ልክ ሊሆን ይችላል። እኛ ግን በመጨረሻ እንዲህ ወሰንን። በቅሎ በሰበካ ጉባኤው ስም፣ በቃለ ጉባኤ ተመዝግባ ትገዛለች፤ ድርቆሿና ጠባቂዋ የአጥቢያው ድርሻ ይሆናል። ለሁለቱ ዲያቆናት በየወሩ የሚላክ ገንዘብ እናዋጣለን፤ ቢያንስ ለሦስት ዓመት፤ ያቋረጠ ሰው ቀድሞ እንዲያሳውቅ። እንደ ኦስትሪያዎቹም፣ ወደ አገር ቤት በተመላለስን ቁጥር ከትኬታችን ዋጋ ላይ ትንሽ ነገር እንለያለን። ወንዙ ላይ ለእግር የሚሆን ድልድይ ለማሠራት ወረዳውን እንጠይቃለን። የመጀመሪያዋን መዋጮ የላከችው የቤሩቷ እኅታችን ናት።

ይህ የአንዲት መንደር መፍትሔ ነው። ሃምሳ አባወራ ተወላጆቹን ውጭ አገር ካላገኘስ? ከተማ ውስጥ ካህናት የተትረፈረፉላቸው አድባራት ተራራ ላይ የተዘጋውን አንድ አንድ አጥቢያ ለምን አይዙም? መሬቱ ከተወሰደ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ፤ በቦታው ምን እንተካ የሚለው ጥያቄ ግን አሁንም በየግሩፑ፣ በየመዋጮው፣ በየቃሬዛው ላይ ነው ያለው። ለአንድ ቄስ አንድ ሞተር መግዛት ጥሩ ሥራ ነው። ከመግዛታችን በፊት ግን ደውለን እንጠይቅ፤ አምስቱን ልዑካንም እንቁጠር።

በእናንተ መንደርስ ቄሱ ምን ያህል ይርቃሉ? እንዴት ነው የሚደርሱት? ከታች ጻፉልኝ፤ ለሌሎችም አካፍሉ።